የምላጩ ዕድሜ

ምላጩን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፀሐይዋ ካናት ሳትበርድ፣
ደቻቱን በድልድይ ተሻግሬ፣ በአሸዋው ማዶ መንገድ፣
ሙሴ ፋራህን ፍለጋ ሄድኩ፣ የባቡሩን አዛውንት፤
ሌላው ከብት በጥርስ ሲገምት፣ እሱ ብረት ነው የሚገምት።
አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ግማሽ ጆሮው ደንቁሯል፤
የቀረው ግማሽ ግን፣ አቦ፣ ብረት ሲዋሽ ይሰማል።

ለገሃር ጀርባ፣ ኒም ሥር፣ በካናቴራ ተቀምጧል።
ፊት ለፊቱ ሐዲድ ዝጓል፣ ፍየል ላዩ ላይ ተኝቷል።
«የማን ልጅ ነሽ?»
        «የናስር፣ የመጋላው ጸጉር ቆራጭ።»
«ናስር! ጢሜን ሳይሰማኝ ነበር የሚላጭ።
አላህ ይዘንለት። ምን አመጣሽ?»

ነገርኩት። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣
የተዘጋውን ሱቅ ሳጸዳ አገኘኝ፣ ዓይኑ ከምላጩ አልወጣ።
«ዕድሜውን በትክክል ካወቅሽ፣ ጥሩ ዋጋ አለው» ብሎኛል።
ዕድሜውን ደግሞ አባቴ ስንት ሺህ ጊዜ ተናግሯል፤
ፎጣ አንገት ላይ እያሰረ፣ አረፋ እየመታ በብሩሽ፣
«የአባቴ የአብዱረብ ነው ይሄ፤ አይዞህ፣ አንገትህን አታሽሽ፤
ጣልያን ሳይገባ፣ ከጅቡቲ፣ በባቡር ነው የመጣው።»
አያቴ ጣልያን ሳይወጣ ሞቷል። አባቴ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሙሴ ፋራህ ከፈተው። በዓይኑ ለማየት አልቸኮለ፤
ስለቱን በጥፍር ነካ አድርጎ፣ በደህናው ጆሮ ተቀበለ።
ጥዝ አለ፣ እንደ ትንኝ፣ ቀጥኖ ጠፋ ከአየር።
«ሆዱን ቦርቡረው ነው የሠሩት፤ የደህና ቤት ነው፣ አያሳፍር።»
ጀርባው ከመሳያ ድንጋይ ብዛት እንደ ሳሙና ሟሙቷል፤
ከስፋቱ ሲሶው የለም፣ ስንት ሺህ አገጭ በልቶታል።
ከዚያ አንገቱን፣ ማኅተሙ ያለበትን፣ በአመድና በምራቅ
አሸት አሸት አደረገና፣ በአጉሊ መነጽር አየው በሩቅ፣
አየው በቅርብ።
ዝም አለ።
        «አንብቢ።»
«ጀርመን ይላል።»
        «ከፊቱስ?»
ከዝገቱ ሥር፣ በጣት ተበልቶ፣ ግማሽ ቃል አለ፦ «ምዕራብ።»

«እንግዲህ አስቢ፣ ልጄ። አገር ለሁለት ሳትከፈል በፊት
ምዕራብ ብሎ ማን ይጠራታል? በምን ምክንያት?
ከአርባ ሁለት ወዲህ ነው ይሄ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ካነሰ።
አያትሽ ያኔ አፈር ነው።»
        ላቤ በጀርባዬ ፈሰሰ።
አባቴ። ሐሰርን የማያሳልፍ፣ ሳንቲም ቢተርፍ የሚመልስ፣
በአንዲት ብረት የተነሳ ዕድሜ ልኩን ይዋሽ? ለምንስ?

ጨርቄን ዘረጋሁ፣ ልጠቀልል።
        «ማን ጨረስኩ አለሽ? ቁጭ በይ።
የስለቱን ነው የነገርኩሽ፤ እጀታው ገና ነው፣ እይ።»

ጥቁር ቀንድ ነው፣ በላብ የወየበ። ወደ ፀሐይ አዞረው።
ከሁለቱ ገጽ መሃል፣ እስከ ጥጉ፣ ብርሃን አስገባለት፤ ውስጡ ታየው።
ቀንዱ ላይ የዝገት ጥላ አለ፤ የምላጭ ቅርጽ ያለው፣
ግን ከዚህኛው የሰፋ፣ አፍንጫው ዶልዱም የሆነው።
«እዚህ ሌላ ስለት ኖሯል፣ ብዙ ዓመት ተኝቶበት።
ይሄ ተከራይ ነው» አለ፤ «ቤቱ ግን፣ ማን ያውቃል፣ የአብዱረብ ቤት።»

ከዚያ ችንካሯን ዳበሳት። ነሐስ ናት፤ ጭንቅላቷ
በትንሽ መዶሻ የተጨፈለቀ፤ ስድስት ነው ምቷ።
ጣቱ እዚያው ቀረ።
«ይቺን የመታሁ እኔ ነኝ። መዶሻ እንደ ፊርማ ነው።
የባቡር ነሐስ ናት፤ ከቶርኖው ሥር የለቀምኩት ቁራጭ ነው።
አንድ ሌሊት አንድ ጎረምሳ፣ የተሰበረ ምላጭ በመሐረብ፣
አዲስ ስለት በኪሱ ይዞ፣ ቆመ በአቴሊዬው በር አጠገብ፤
ዓይኑ ደም መስሏል።
እንዴት ተሰበረ አላልኩትም። ለማንም እንዳትናገር አለኝ።
ስልሳ ዓመት አልተናገርኩም። ዛሬ አንቺ አናገርሽኝ።»

ማምሻውን፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ምላጩ ጭኔ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ።
ሰብሳቢው ነው።
«አወቅሽው? ስንት ዓመቱ ነው?»
ነፋሱ የደቻቱን አሸዋ ፊቴ ላይ በተነው።
«የቱ?» አልኩት።